የተቀበረው ወንዝና የመንደራችን አደባባይ

የተወለድንባት መንደር በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በመካከሏ አንድ አደባባይ አለ፤ ቅዳሜ ገበያ ይቆምበታል፣ በሌላው ቀን አህዮችና ባጃጆች ይሰለፉበታል፣ በክረምትም ጭቃ ይሆናል። በዚህ አደባባይ ሥር ወንዝ መኖሩን ዛሬ በትምህርት ቤት ያሉት ልጆች አያውቁም። የመኪና መንገድ በወጣ ጊዜ ወንዙ በሲሚንቶ ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገና በላዩ ዐፈርና ጠጠር ተደለደለበት። ቈይቶም በላይ በኩል ያለው ምንጭ ለቧንቧ ውሃ ተጠለፈ። ስለዚህ ከክረምት ወራት በቀር በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ውሃ የለም ማለት ይቻላል።

ወንዝ ስንል አንባቢዎቻችን ዓባይን ወይም አዋሽን አያስቡ። በበጋ ሕፃን ልጅ የሚሻገረው፣ በሐምሌ ግን ጥጃ የሚወስድ ጅረት ነበር። ስም እንኳ አልነበረውም፤ ሁሉም «ወንዙ» ብቻ ይለው ነበር። ነገር ግን እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡት፣ ከብት የሚጠጣው፣ የከተራ ለት ታቦት ወርዶ የሚያድረው ከእርሱ ዳር ነበር። እኛም በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስንደግም፣ የኔታ የተቈጡን እንደ ሆነ ሮጠን የምንሸሸገው ከእርሱ ገደል ሥር ነበር። በኋላ ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባን፤ በዚያም ዳኑብንና ራይንን፣ ቮልጋንና ሚሲሲፒን በቃላችን እንድንወጣ አስተማሩን። የመንደራችን ወንዝ ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደሚገባ ግን የጠየቀን መምህር አልነበረም፤ እኛም ሳንጠይቅ አደግን።

ባለፈው ዓመት የመንደሩ ሰዎች አደባባዩን ለማደስ ተማከሩ። አሳቡ መልካም ነው። አንድ ወጣት ሥዕል አወጣላቸው፤ በመካከል ክብ ገንዳ፣ በገንዳውም ውስጥ ውሃን ወደ ላይ የሚረጭ ፏፏቴ፣ በዙሪያው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የብረት አጥር፣ ማታ ማታም የሚበሩ መብራቶች ነበሩበት። ከሥሩ «ለቀድሞው ወንዛችን መታሰቢያ» ተብሎ ተጽፎአል። ሥዕሉ አዲስ አበባ ለምንኖረው የመንደሩ ተወላጆች ተላከ፤ ገንዘብ እንድናዋጣና አሳባችንን እንድንሰጥም ተጠየቅን። እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንን፣ ጽሕፈት ያውቃል ተብሎ የሁሉን አሳብ አስተባብረን መልሱን እንድንጽፍ ታዘዝን።

ሥዕሉ ደስ አላሰኘንም። ለምን ደስ እንዳላሰኘን ግን መናገር አልቻልንም። ደግሞም ለመንደራቸው በጎ ያሰቡትን ሰዎች ያለ ምክንያት መንቀፍ ነውር ነው። ወረቀቱን አጥፈን በቦርሳችን ውስጥ አኖርነው፤ መልሱም እንዲሁ ዘገየ።

በዚህ መካከል ስለ መዝገብ አያያዝ የሦስት ሳምንት ትምህርት ለመከታተል ወደ ደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ ወደ ሴኡል ተላክን። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ኮርያ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለ ትምህርቱ እዚህ መጻፍ የሚያስፈልግ አይመስለንም። ነገር ግን በመጀመሪያው እሑድ፣ አስተርጓሚያችን የነበረው ጨዋ ወጣት «ወንዝ ላሳያችሁ» ብሎ ወሰደን፤ እኛም ሐን የተባለውን ትልቁን ወንዝ ያሳየናል ብለን ነበር። እርሱ ግን ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች በግራና በቀኝ ከቆሙበት ከከተማው ልብ አደረሰንና በደረጃ ወደ ታች አወረደን። ከመንገዱ ወለል በታች ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍ ጥሩ ውሃ ይፈስሳል፤ በዳሩ ሸምበቆና አኻያ በቅሎአል፤ ሳቢሳ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል፤ እናቶች ሕፃናትን እጅ እጃቸውን ይዘው በመረማመጃ ድንጋይ ያሻግራሉ። የመኪናው ጩኸት ከራሳችን በላይ ቀረ። ስሙ ቾንግጌቾን ይባላል፤ ትርጓሜው የጥሩ ውሃ ጅረት እንደ ማለት ነው።

«ይህን ወንዝ አባቴ በወጣትነቱ አላየውም፤ እኔ ግን በልጅነቴ አየሁት» አለን ወጣቱ። ነገሩ እንቈቅልሽ መሰለን፤ ታሪኩን ስንሰማ ግን ተፈታልን።

የኮርያ ነገሥታት ሴኡልን መናገሻ ያደረጓት በ1394 ነው። ከተማዋ በአራት ተራሮች መካከል ያለች ስለ ሆነች፣ የተራሮቹ ውሃ ሁሉ ወደ መካከል ይወርዳል፤ ይህም ጅረት ተቀብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል። በክረምት ግን ይሞላና ቤቶችን ያፈርስ ነበር። ስለዚህ ንጉሥ ቴጆንግ በ1412 ከ50,000 የሚበልጥ ሰው አሰልፎ አስቈፈረው፣ ዳሩንም በድንጋይና በእንጨት አስገነባ። በዚያ ዘመን ስሙ ጌቾን ነበር፤ ይኸውም ተቈፍሮ የተከፈተ ጅረት ማለት ነው። የዛሬውን ስም ያገኘው በኋላ ዘመን ነው። እንግዲህ ይህ ወንዝ ከጥንቱም ቢሆን የተፈጥሮ ብቻ አልነበረም፤ የሰው እጅ ያለበት ነው። ይህን ልብ እንድንል ያደረገን ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጣል።

ቀጥሎ የነገሠው የታወቀው ሴጆንግ በ1441 የውሃውን ከፍታ የሚለካ ምሰሶ በወንዙ ውስጥ አስተከለ። ምሰሶው አስቀድሞ የእንጨት ነበር፤ ኋላ በድንጋይ ተተካ። በድንጋዩም ላይ የስንዝር ምልክት እንደሚደረግ መስመር ተቀርጾበታል፤ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዘጠነኛው መስመር ላይ ክብ ምልክት አለ። ውሃው ከሦስተኛው በታች ሲሆን ድርቅ ነው፤ በስድስተኛው ልክ ሲሆን ደኅና ነው፤ ዘጠነኛውን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሕዝቡ ይጠንቀቅ ማለት ነው። የወንዙን ጠባይ በዐይን ብቻ ከመገመት አልፈው በቍጥር መዝግበው መያዛቸው ለእንደ እኛ ያለ ጸሐፊ እጅግ የሚያስደስት ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ከተማው በዛ፤ ከተራራው ዛፍ ተቈረጠ፤ አሸዋው ወርዶ ወንዙን ሞላው። በ1760 ንጉሥ ዮንግጆ 57 ቀን ሙሉ ወደ 200,000 የሚሆን ሰው አሠርቶ ደለሉን አስጠረገ። ሥራው ሁሉ «ጁንቾን ሳሺል» በሚባል መጽሐፍ ተጻፈ። ዳግመኛም ለሚመጣው ትውልድ ምልክት እንዲሆን፣ በድልድይ ምሰሶ ላይ አራት ፊደላት ተቀረጹ፤ ትርጓሜአቸው «በዚህ ዓመት ወለሉ እስከዚህ ነበረ» እንደ ማለት ነው። የኋላው ሰው ደለሉን ሲጠርግ እስከ ምን ድረስ መቈፈር እንዳለበት ከፊደላቱ ያውቅ ነበር።

ይህን ድልድይ ለብቻችን ሄደን አየነው። ሱፕዮ ይባላል። ወንዙ በተከደነ ጊዜ ተነሥቶ በሌላ ስፍራ ቆመ፤ ዛሬ ጃንግቹንግዳን በሚባል መናፈሻ ውስጥ በሌላ ትንሽ ጅረት ላይ ይታያል። ከፊደላቱ ፊት ብዙ ጊዜ ቆምን። በመዝገብ ቤታችን ያለ አንድ የወሰን ክርክር ትዝ ብሎን ነበር። በውላቸው ላይ «በምሥራቅ ወንዙ ያዋስነዋል» ተብሎ ተጽፎአል፤ ወንዙ ግን በመንገድ ሥራ ምክንያት ከስፍራው ጠፍቶአል። አንዱ ወንዙ ከዛፉ ወዲህ ነበረ ይላል፤ ሌላው ከዛፉ ወዲያ ነበረ ይላል፤ ምስክሮችም ለሁለቱም ወገን ቆሙ። ሁለት ጎረቤታሞች ሰላምታ እስኪነፋፈጉ ድረስ ደረሱ። በዚያ አገር አንድ ሰው ድንጋይ ላይ አራት ፊደላት ቀርጾ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1950 በኮርያ ጦርነት ተነሣ። ይህ ጦርነት ለአገራችን ሰው ባዕድ አይደለም፤ የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1951 ደርሶ ተዋግቶአልና። ከጦርነቱ በኋላ ቤት ያጣው ሕዝብ ወደ ሴኡል ጎረፈ፤ በወንዙም ዳርና ዳር በእንጨት ምሰሶ ላይ ጎጆ እየሠራ ተቀመጠ። እድፉ ሁሉ ወደ ውሃው ስለሚጣል ወንዙ ሸተተ፤ በሽታም መጣበት። የከተማው ሹማምንት በ1958 በሲሚንቶ ይከድኑት ጀመር። በ1967 ደግሞ በክዳኑ ላይ በትላልቅ ምሰሶዎች የተሸከመ የመኪና ጎዳና መሥራት ጀመሩ፤ ሥራውም በ1970ዎቹ ተፈጸመ። በዚያን ጊዜ ይህ የሥልጣኔ ምልክት ተብሎ ተመስግኖ ነበር፤ የአስተርጓሚያችን አባትም በልጅነቱ በዚህ ጎዳና ላይ በአውቶቡስ ማለፍ ያኰራው እንደ ነበር ነገረን። እኛ አንስቅባቸውም። ቤቱ በጎርፍ የፈረሰበትና ልጁ በወንዝ በሽታ የታመመበት ሰው፣ ወንዙ ሲከደን ደስ ቢለው አይፈረድበትም። በእኛም መንደር መንገዱ በወጣ ጊዜ እልል ተብሎ ነበር፤ እኛም እልል ካሉት ልጆች መካከል ነበርን።

ዓመታት ሲያልፉ ጎዳናው አረጀ፤ ብረቱ ዛገ፤ መጠገኑም ብዙ ገንዘብ ጠየቀ። ልብ ወለድ ደራሲዋ ፓክ ክዮንግ ኒና ሌሎችም ወንዙ ይገለጥ ብለው ይናገሩ ነበር። በ2002 ለከተማው ከንቲባነት የተወዳደሩት ሊ ምዩንግ ባክ ይህን አሳብ ይዘው ተመረጡ። ሥራው ሐምሌ 1 ቀን 2003 ተጀመረ፤ ጥቅምት 1 ቀን 2005 ወንዙ ለሕዝብ ተከፈተ። ርዝመቱ 5.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 22 ድልድዮች አሉበት። ያን ሁሉ መኪና ከዚያ ማንሣት ከተማውን ያስጨንቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአውቶቡስና በምድር ውስጥ ባቡር መሄድን ለመደ። በበጋ ወራትም በወንዙ ዳር ያለው አየር በአቅራቢያው ካለው ጎዳና ከ3 ዲግሪ በላይ እንደሚቀዘቅዝ ተለክቶ ታውቆአል።

በወንዙ መነሻ 20 ሜትር ቁመት ያለው፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ጠምዛዛ ቀንድ አውጣ የመሰለ ሐውልት ቆሞአል። በ2006 የተተከለ ነው። ስለ እርሱ ብዙ የምንለው የለንም፤ ከወንዙ ጋር ያለው ዝምድና አልተገለጠልንም። ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያለው ግዋንግቶንግ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ ግን አስደነቀን። ንጉሥ ቴጆንግ የእንጀራ እናቱን ይጠላ ነበርና፣ በ1410 ከመቃብሯ ያስነሣውን የተቀረጸ ድንጋይ ሕዝብ ሁሉ እንዲረግጠው ብሎ ድልድይ አሠራበት፤ አንዳንዱም ድንጋይ ተዘቅዝቆ ተቀምጦአል። ድልድዩ ከመንገዱ ሥር ተቀብሮ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ከዚያ በወጣ ጊዜ ከቀድሞ ስፍራው ወደ ላይ 150 ሜትር ያህል ፈቀቅ ተደርጎ ተሠራ። የንጉሡ ቂም እስከ ዛሬ በድንጋዩ ላይ ይነበባል።

እንግዲህ በማግሥቱ ወጣቱን አንድ ነገር ጠየቅነው። «ውሃው ከየት ይመጣል?» አልነው። «ከሐን ወንዝ በሞተር ተስቦ ነው፤ ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የሚወጣው የከርሠ ምድር ውሃም ይጨመርበታል፤ በቀን 120,000 ቶን ያህል ነው» ብሎ መለሰልን። የጥንቱ ምንጭማ ሕንጻ በዝቶበት ደርቆአል፤ የዝናቡም ውሃ ከፍሳሹ ጋር በሌላ መንገድ ያልፋል። ከባድ ዝናብ በጣለ ጊዜ ብቻ በግንቡ ያሉት በሮች ተከፍተው ጎርፉ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ሰዎችም ከዳሩ ወጥተው እንዲሄዱ ይደረጋል።

ይህን ስንሰማ ልባችን ቀዘቀዘ። ይህ በሞተር የሚሄድ ወንዝ ከመንደራችን ፏፏቴ በምን ይለያል? ትልቅ ፏፏቴ አይደለምን? በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለን።

መልሱን ያገኘነው የራሳችንን የጥምቀት በዓል በማሰብ ነው። በመንደራችን ወንዙ ከተቀበረ ወዲህ፣ ለጥምቀት የሚሆነው ውሃ በበርሜል በአህያ ተጭኖ ይመጣና በሲሚንቶ ገንዳ ይሞላል፤ ካህናቱም ጸሎት አድርሰው ይባርኩታል። ውሃው ከበርሜል መጥቶአልና ጥምቀቱ ቀርቶአል ያለ ሰው የለም። በጎንደርም የዐፄ ፋሲል መዋኛ ለበዓሉ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ ውሃ እየተመለሰለት ነው፤ ይህም የሰው እጅ ሥራ ነው። ውሃውን ሰው ስላመጣው ነገሩ ሐሰት አይሆንም። ደግሞ የሴኡሉ ወንዝ ከ1412 ጀምሮ በሰው እጅ የተበጀ መሆኑን ከላይ ተናግረናል። ልዩነቱ ሌላ ነው። ፏፏቴው ውሃውን ወደ ላይ ይረጨዋል፣ ተመልሶም በዚያው ገንዳ ይወድቃል፤ መነሻ የለውም፣ መድረሻም የለውም። ወንዝ ግን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። የሴኡል ሰዎች የመለሱት ከውሃው ይልቅ መንገዱን ነው፤ ውሃው የቀድሞው አይደለም፣ የሚሄድበት ግን የቀድሞው ነው። በመንደራችን ሥዕል ውስጥ የጠፋው ይህ መንገድ ነበር። ሌሊቱን ተነሥተን ወረቀቱን ከቦርሳ አወጣንና በጀርባው ላይ ይህን ጻፍን።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ወደ ወንዙ እንሄድ ነበር። ወደ ታችኛው ጫፍ በሄድን ቀን፣ በውሃው መካከል ሦስት ትልልቅ የሲሚንቶ ምሰሶዎች ቆመው አገኘን፤ ከላያቸው የሚሸከሙት ነገር የለም። አስተርጓሚያችን የፈረሰው ጎዳና ምሰሶዎች መሆናቸውን ነገረን። ሌላው ሁሉ ሲነሣ እነዚህ ለመታሰቢያ ተብለው ተትተዋል። ወንዙን የቀበረውን ነገር ደብቀው ቢሆን ኖሮ፣ የሚያድገው ልጅ ወንዙ ሁልጊዜ እንዲሁ የነበረ ይመስለው ነበር።

ከዚያው ወንዝ ዳር የልብስ ማጠቢያ ስፍራም ታድሶአል። የኮርያ ሴቶች ልብስን በድንጋይ ላይ አኑረው በእንጨት ዱላ ይመቱት ነበር አሉ። የእኛ እናቶች በእግራቸው ይረግጡታል፤ ሳሙና ባልነበረ ጊዜም እንዶድ ወቅጠው ያጥቡበት ነበር። አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ ስላዩ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። አንድ ትልቅ የሳይንስ ነገር ከልብስ ማጠቢያ ዳር ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ የወንዝ ታሪክ ሲጻፍ ነገሥታቱን ብቻ ጽፎ የልብስ አጣቢዎቹን ስፍራ መተው ትክክል አይመስለንም።

አሁን ደግሞ ደስ የማያሰኘውን እንናገር። በዚያ ጎዳና ሥርና ዳር ብዙ ሺህ ሰዎች ብረታ ብረት፣ ጫማ፣ አሮጌ ዕቃ እየሸጡ ይኖሩ ነበር። ሥራው ሲጀመር ሊነሡ ግድ ሆነባቸው፤ ብዙ ሰልፍና ጭቅጭቅ ሆነ። የመንገድ ዳር ሻጮቹ አስቀድመው ወደ አንድ አሮጌ የስፖርት ሜዳ ተወሰዱ፤ ያም ሜዳ በ2008 ሲፈርስ እንደ ገና ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። ለባለ ሱቆቹ በከተማው ደቡብ ምሥራቅ ትልቅ የገበያ ሕንጻ ተሠራላቸው፤ ነገር ግን ዋጋው ከዐቅማቸው በላይ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ሳይገቡ ቀሩ። በወንዙ ላይ ካሉት ድልድዮች በአንዱ የጆን ቴ ኢል ሐውልት አለ፤ በዚያ ሠፈር ልብስ ሰፊ የነበረ ወጣት ነው። በ1970 በኅዳር ወር፣ የሠራተኛው ሕግ ይከበር ብሎ እየጮኸ በራሱ ላይ እሳት ለኵሶ ሞተ። ዕድሜው 22 ዓመት ነበር። ሻጮቹ ግን ሐውልት የላቸውም። ወንዙን አምረን አየነው፤ በእውነት ያምራል። ግን ለማን ብሎ ያምራል የሚለውን ጥያቄ ይዘን ወጣን።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ የመልሱን ደብዳቤ ጻፍን፤ ነገር ግን በደብዳቤ ብቻ መነጋገር በጎ አይደለም ብለን ለስብሰባው ራሳችን ወደ መንደር ሄድን። ሰው ሁሉ ከአደባባዩ ዳር ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ያየነውን አወራን። ሥዕሉን ያወጣው ወጣት ቅር እንዳለው ፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ «ታዲያ የሌለውን ወንዝ ከየት እናምጣ? በቀን 120,000 ቶን የሚስብ ሞተር ይግዙልን እንዴ?» አለን፤ ሰውም ሳቀ። እውነቱን ነው። እኛም ያቀረብነው አሳብ ይህ ነበር፤ ውሃ ባይኖር እንኳ ወንዙ የሄደበት መንገድ በአደባባዩ ላይ ዝቅ ባለ የድንጋይ ንጣፍ ይታይ፤ በክረምት ከጣሪያና ከመንገድ የሚወርደው ጎርፍ ተሰብስቦ በዚያው ይለፍ፤ በዚያው ዳር ዛፍ ይተከል፤ የቱቦውም አፍ ሳይደፈን ይታይ። የጥምቀቱም ገንዳ ከዚያው መስመር ላይ ይሁን አልን።

«መስመሩስ የት ነበረ?» ብለው ሊቀ መንበሩ ጠየቁ። እዚህ ላይ ሁላችንም አፈርን። አንዱ ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ነው አለ፤ ሌላው ከወዲያ ነው አለ። እንደ መዝገብ ቤታችን ክርክር ሆነ።

በዚህ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት ተነሡ። ዕድሜአቸው ከሰማንያ ያልፋል፤ ከእናታችን ጋር አብረው ውሃ ይቀዱ ነበር። «እማማ፣ እርስዎ ያስታውሱታል?» አልናቸው።

«ምን ነካህ ልጄ? አንተን በጀርባዬ አዝዬ የተሻገርሁትን ልረሳው?» አሉና ከዘራቸውን ይዘው መራመድ ጀመሩ። ከወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ተነሥተው፣ ጥቂት ወደ ግራ ታጥፈው፣ በአደባባዩ መካከል አለፉ። ልጆች ኖራ በቆርቆሮ ይዘው በስተኋላቸው ምልክት ያደርጉ ነበር። ከአንድ ስፍራ ሲደርሱ ቆሙ፤ በከዘራቸውም መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ማጠቢያው ድንጋይ እዚህ ነው። አልወጣም፤ ከነነፍሱ ነው የቀበሩት» አሉ።

ስፍራው የሥጋ ቤቱ ዳስ በር ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ተነሥቶ፣ «እንግዲያስ እኔን ልታስነሡኝ ነዋ!» ብሎ ተቈጣ። ከእርሱም ጋር ቡና የሚያፈሉትና ሽንኵርት የሚሸጡት ሴቶች ጉርምርም አሉ፤ መስመሩ በእነርሱም ስፍራ ላይ ያልፋል። የሴኡልን ሻጮች ነገር የነገርናቸው እኛው ስለ ሆንን አንገታችንን ደፋን። ከብዙ ክርክር በኋላ ስለ ሥዕሉ አንዳች ከመወሰኑ በፊት፣ በመስመሩ ላይ የሚሸጡት ሰዎች ስምና ስፍራ አንድ በአንድ እንዲጻፍ ሁሉም ተስማማ፤ የሚነሣም ሰው ቢኖር ከዚያው አደባባይ እንዳይወጣ ተባለ። መዝጋቢዎች እኛ ሆንን። አሥራ አራት ስም ጻፍን፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ስሙ በሁለተኛ ተራ መጻፉን አይቶ ወደ አንደኛ ይዛወርልኝ ቢለን አዛወርንለት።

ፏፏቴው ቀርቶአል አልተባለም፤ የሚወዱት ብዙ ናቸው፣ ገንዘቡም ገና አልተሟላም። የሚቀጥለው ስብሰባ ከመስቀል በኋላ ነው። ማታ ዝናብ ጣለ፤ ጠዋት ስንወጣ ኖራው ታጥቦ ነበር። ልጆቹ ግን እማማን ዳግመኛ አስነሥተው በኖራው ፈንታ ጠጠር ይደረድሩ ነበር፤ እርሳቸውም ከበርጩማ ላይ ተቀምጠው «ወደ ግራ! ወደ ግራ እኮ ነው!» እያሉ ይቈጡአቸው ነበር።